ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?

የምሠራበት ጤና ጣቢያ በከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከአያት አለፍ ብሎ ነው። የሕፃናትን ክንድ እለካለሁ፤ ክብደታቸውን እመዝናለሁ። ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ በቦሌ አራብሳና በሰሚት ግንባታዎች አሸዋና ድንጋይ እያመላለሱ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው።

አምና ነሐሴ ላይ አንዲት ወጣት እናት የ14 ወር ሴት ልጇን አዝላ መጣች። የሕፃኗ ክንድ 11.9 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በመለኪያ ጥብጣቡ ላይ ከ12.5 በታች ቢጫ፣ የምግብ እጥረት ምልክት ነው፤ ከ11.5 ካነሰ ደግሞ ቀይ፣ ከባድ እጥረት። ቅጹ እንደሚያዘው «ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?» አልኳት።

«ሦስት ነን ሲስተር።»

ባሏ ዘበኛ ነው፤ እሷም ትሠራለች። ለሦስት ሰው ያንሳል የሚባል ገቢ አልነበረም። እኔም የጎደለው እውቀት ነው ብዬ ስለ እንቁላልና ስለ ገንፎ መከርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። በሁለት ሳምንቷ ስትመለስ ክንዱ 11.7 ሆኖ ነበር።

«አገር ቤትስ?» ያልኳት ያኔ ነው። ሰሜን ወሎ፣ ቆቦ ውስጥ አባትና እናቷ፣ አራት ታናናሾቿ፣ እንዲሁም የመጀመሪያ ልጇ አሉ። ሰባት ሰው። ገንዘቡ እንደተከፈላት በቴሌብር ይሄዳል። የዚህች ሕፃን እንቁላል ቆቦ ላይ ዱቄት ሆኗል።

እንደ ቆቦ ባለው ቆላ ነገሩ የሚበላሸው ከነሐሴ በፊት ነው። የአገሬው ማሽላ ብዙ ወር መሬት ላይ ስለሚቆይ ሚያዝያ ላይ በበልጉ ዝናብ መዘራት አለበት። እህሉ ለሰው፣ አገዳው ለከብት፣ ለማገዶና ለቤት ሥራ ይሆናል። በልጉ ከቀረ ወይም ጥሎ ከቆመ ገበሬው መሬቱን ገልብጦ ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘራበታል። ጤፉ ቢይዝ እንኳ አገዳ የለውም። መስከረም ላይ ዝናቡ ቀድሞ ከተቆረጠ ደግሞ እሱም ይቀራል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ መኮ ያሉ ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ ጥሩ ሥራ ነው። አባቷ ግን «አገዳው አጭር ነው፣ ቀድሞ ስለሚደርስም የአገሩ ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል» ይላሉ አለችኝ። እኔ እኚህ ሰው አዲስ ነገር ይጠላሉ አልልም። ከብታቸውን ቆጥረው ነው የሚናገሩት።

በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ዕርዳታ ሲያስፈልገው ሁላችንም ሰምተናል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ዜና የማይሆነው ዓመት ነው፤ ዝናቡ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ የገባበት። ያኔ መጀመሪያ ፍየሏ ትሸጣለች፣ ቀጥሎ በሬው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ የከብት ዋጋ ይወርዳል፣ የእህሉ ይወጣል። በመጨረሻ ለዘር የተቀመጠው ይበላል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ዕርዳታ ፕሮግራም ብዙ ቤት አቁሟል፤ ክፍያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ጎተራው የሚራቆተው ደግሞ ከሰኔ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚደወለው አዲስ አበባ ላለችው ልጅ ነው።

ቅጻችን ግን አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረውን ብቻ ይቆጥራል። ከዚያች ቀን ወዲህ «ከእጅሽ የሚበላ ስንት ሰው ነው?» እያልኩ እጠይቃለሁ፤ መልሱን በካርዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ እጽፈዋለሁ። «አትላኪ» ለማለት አፍ የለኝም፤ «እናትሽን ተዪ» ማለት ነው። ማድረግ የምችለው የአገር ቤቱ ችግር ሕፃኗ ላይ ሳይደርስ ቀድሜ መከታተል ነው።

ሕፃኗ ጥር ላይ ወደ አረንጓዴው ገባች፤ ክንዷ 12.8 ሆነ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እናቷ ለክትትል ስትመጣ ልጅቷን ከመለካቴ በፊት «ቆቦ ዘነበ?» አልኳት።

«ሁለት ቀን ጣለና ቆመ ሲስተር። አባቴ ማሽላውን ዘርቶታል፤ አልያዘም።»

ክንዱ ያው 12.8 ነበር። ቢሆንም ቀጠሮዋን ከወር ወደ ሳምንት አቀረብኩት።