ሲሲ የማይለካው ወጪ

ትንሽ ሲሲ ያላት ባለ ቱርቦ መኪና የገዛ ሰው ምሬቱ ተመሳሳይ ነው። ቤንዚን አትበላም ተብሎ ገዛ፤ ቀረጧም ቀለል ያለ ነበር፤ ዳገት ላይም አላሳፈረችውም። መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትደርስ ግን ሞተሯ ወረደ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ የአንድ ቱርቦ ዋጋ ሲነገረው ደግሞ ምሬቱ ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። ጋራዥ ውስጥ የሚሰጠው ማብራሪያም አንድ ነው፤ ትንሽ ሞተር ትልቅ ሥራ ሲጫንበት ዕድሜው ያጥራል ይባላል። ማብራሪያው ስህተት ነው። ጉዳቱ መኪናዋ ላይ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ለመካኒኮች እተወው ነበር። ነገር ግን ይህ አባባል ወጪው ከማን ተነሥቶ ማን ላይ እንዳረፈ ይሸፍናል።

ትንሽነቱ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ጃፓን ውስጥ መኪና ባልተረፈ ነበር። እዚያ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 660 ሲሲ ላይ በተገደበው የትናንሽ መኪኖች መደብ 64 የፈረስ ጉልበት የሚሰጡ ባለ ቱርቦ ሞተሮች ይሠራሉ፤ ለአንድ ሊትር ሲሰላ 97 ፈረስ ገደማ ነው። አውሮፓ ውስጥ ብዙ እሮሮ ያስነሣው የፔዦና የሲትሮዌን 1.2 ፒዩርቴክ 1199 ሲሲ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፤ አንደኛው ዓይነት 130 ፈረስ ይሰጣል፣ ለሊትር 108 ገደማ። ሁለቱም ተጨንቀው የሚሠሩ ሞተሮች ናቸው። ሰፊው ልዩነት ያለው የአገልግሎት መመሪያው ላይ ነው። ሱዙኪ ለ660 ሲሲ ቱርቦዎቹ ዘይቱ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ወይም በየስድስት ወሩ ይቀየር ይላል። ለፈረንሳዩ ሞተር አውሮፓ ውስጥ የተጻፈው 20 ሺህና ከዚያ በላይ ነበር።

ፒዩርቴክ መጥፎ ሞተር ሆኖ አልተወለደም። በ1,750 ዙር 230 ኒውተን ሜትር ይስባል። ቱርቦ የሌለው የኮሮላ 1.8 ሞተር ከፍተኛው 173 ነው። ከ2015 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. አራት ዓመት በተከታታይ በመደቡ «የዓመቱ ዓለም አቀፍ ሞተር» ተብሎ ተሸልሟል። የፎርድ 999 ሲሲ ኢኮቡስትም ከ2012 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የአጠቃላዩን ሽልማት ሦስት ጊዜ ወስዷል። ሁለቱ አንድ የንድፍ ምርጫ ይጋራሉ። ታይሚንጉን የሚያዞረው ካቴና ሳይሆን ቺንጋ ነው፤ ቺንጋው ደግሞ እንደ ድሮው ደረቅ ቦታ ላይ አይደለም፣ የሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይሠራል። በዚህም ፍትጊያው ይቀንሳል፣ ድምፁ ዝግ ይላል፣ የሚለቀቀው የካርቦን መጠን በጥቂት ግራም ይወርዳል።

አብዛኛው ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ቺንጋው የሚያልቀው በኪሎ ሜትር ብዛት ብቻ ይመስለናል፤ እውነቱ ግን ዕድሜውን የሚወስነው የተነከረበት ፈሳሽ ነው። እነዚህ ሞተሮች ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ፣ በፒዩርቴክ እስከ 200 ባር በሚደርስ ግፊት ይረጩታል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ከሚረጨው ቤንዚን የተወሰነው ሳይቃጠል የሲሊንደሩን ግድግዳ ይዞ ይወርድና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። መኪናዋ ረጅም መንገድ ከሄደች ዘይቱ በደንብ ይሞቃል፣ ቤንዚኑም ተንኖ ይወጣል። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ትምህርት ቤት እየተባለ አምስት አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ከተነዳች ግን መውጫ አያገኝም። ስለዚህ ዘይቱ ውስጥ የሚነከረው ላስቲክ ከጊዜ ብዛት ቤንዚን ውስጥ እየተነከረ ነው። ላስቲኩ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ይፈረፈራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘይት መለኪያውን ስቦ አይቶ ዘይቱ ከሰርቪስ ወዲህ ምንም አልቀነሰም ብሎ የሚደሰት ባለመኪና አለ። እንዲህ ባለ ሞተር፣ በከተማ ውስጥ አጭር ጉዞ፣ መጠኑ ከፍ ካለ መደሰቻ አይደለም፤ የጨመረው ቤንዚን ነው። ማሽተት ይበቃል።

የቺንጋው ፍርፋሪ ከሞተሩ ሥር ወደተቀመጠው ዘይት ይወርዳል። እዚያ የዘይት ፓምፑ የሚስብበት ወንፊት አለ፤ ቀስ በቀስ ይደፈናል። ወንፊቱ ሲደፈን የዘይት ግፊት ይወርዳል፤ ቀድሞ የሚጠማውም ከፓምፑ የራቀውና በጣም የሚፈጥነው ክፍል ነው። የትንሽ ቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ200 ሺህ ዙር በላይ ሊዞር ይችላል፤ ከማረፊያው ብረት ጋር እንዳይነካካ የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ ሲጠፋ ዘንጉ ይበላል። ባለመኪናው የሚያየው ጭስ፣ የሚሰማው ፉጨት ነው፤ መካኒኩም ቱርቦው ተቃጠለ ይላል። ትክክል ነው፣ ተቃጥሏል። ግን የሞተው መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ ቱርቦ ተገዝቶ፣ ወንፊቱ ሳይወርድና ሳይጸዳ ከተገጠመ እሱም በዚያው ጥም ይሞታል፤ ሁለተኛውን ቱርቦ የገዛ ሰው «ፌክ ሸጡልኝ» ብሎ ነጋዴውን ይከሳል። በፒዩርቴክ ፍርፋሪው የፍሬን ማገዣውን የቫኪዩም ፓምፕ ዘይት አሳጥቶ ፍሬኑን እስከማደንደን ደርሷል። ኩባንያው መኪኖችን ለጥገና የጠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሞተሩን ከማጥፋትህ በፊት ሁለት ደቂቃ ጠብቅ የሚለው ምክር ክፉ አይደለም። ከድሮዎቹ ቱርቦዎች የተወረሰ ነው፤ ቤንዚን የጠጣውን ቺንጋ ግን አያድንም።

ቤንዚን ቺንጋውን እንደሚጎዳ የሚያውቅ መሐንዲስ ለምን ዘይቱን ለ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ፈቀደ? የእኔ እምነት መሐንዲሱ ብቻውን አልወሰነም የሚል ነው። የአውሮፓ ኅብረት አምራቾች በአማካይ በኪሎ ሜትር 95 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳያልፉ ወስኖ፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ግራም በእያንዳንዱ በተሸጠ መኪና 95 ዩሮ ቅጣት ጣለ። ግራሙ የሚለካው ደግሞ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በነበረው የላቦራቶሪ ፈተና ነበር፤ 11 ኪሎ ሜትር፣ 20 ደቂቃ ገደማ፣ በአማካይ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ፍጥነት። ትንሽ ቱርቦ እንዲህ ሲነዳ ቱርቦውን እምብዛም ስለማይቀሰቅስ ውጤቱ ያማረ ነው። መንገድ ላይስ? ኦፊሴላዊውን የፍጆታ ቁጥር ከአሽከርካሪዎች መዝገብ ጋር ያነጻጸረው አይሲሲቲ የተባለው የጥናት ተቋም፣ በ2001 እ.ኤ.አ. 9 በመቶ ገደማ የነበረው ልዩነት በ2015 ወደ 42 በመቶ ማደጉን አሳይቷል። በእኔ አመለካከት ኦፊሴላዊ ቁጥር ቅጣትና ሽያጭ የሚወሰንበት ከሆነ፣ ምርቱ የሚሠራው ለቁጥሩ ነው።

የሰርቪሱ ርቀትም እንደዚያው ነው። አውሮፓ ውስጥ አዲስ መኪና በብዛት የሚገዙት ድርጅቶችና አከራዮች ናቸው፤ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ይሸጡታል። እነሱ የሚያሰሉት የእነዚያን ዓመታት ወጪ ነው፤ ዘይት ሁለት ጊዜ ከመቀየር አንድ ጊዜ መቀየር ይረክሳል፤ ካታሎጉ ላይም ያምራል። ያልተቀየረው ዘይት ወጪ ግን አልጠፋም፤ ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ባለቤት ተላለፈ፤ እነሱ ደግሞ መኪናው ሲነደፍ ገዢ ስላልነበሩ ድምፅ አልነበራቸውም። የፒዩርቴክ ቺንጋ መቀየሪያ መጀመሪያ 180 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም አሥር ዓመት ተብሎ ነበር፤ በኋላ ወደ 100 ሺህና ስድስት ዓመት ወረደ። የዛሬው የኩባንያው ባለቤት ስቴላንቲስ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ለዚህ ችግር ዋስትናውን ወደ አሥር ዓመት ወይም 175 ሺህ ኪሎ ሜትር አራዝሟል፤ አዲሱን የሞተር ትውልድም ወደ ካቴና መልሶታል። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ አንባቢዎች የሰርቪስ ደረሰኛችሁን አትጣሉ፤ ዋስትናው ያለዚያ አይሠራም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 መኪናን የመደበው በሲሲ ነው፤ አዲስ ሆኖ እስከ 1300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። በዚህ ሚዛን 230 ኒውተን ሜትር የሚስበው ሞተር በ5 በመቶው ሲያልፍ፣ 173 የሚስበው የኮሮላ ሞተር 60 ይከፍል ነበር። ሲሲ ቱርቦ ባልተስፋፋበት ዘመን የሞተርን አቅም ይለካ ነበር፤ ዛሬ አይለካም፤ የዕድሜ ወጪውንማ ከቶ አይለካም። በዚያ ላይ እኛ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት ነን። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚያንስ ቱርቦው ተራውን ሞተር ይበልጣል፤ ያንን ብልጫ የሚያገኘው ግን ይበልጥ እየዞረና እየጋለ ነው። መንገዳችን ደግሞ አጭርና የተጨናነቀ ነው፤ ቤንዚኑን ዘይት ውስጥ የሚያስቀረው ዓይነት።

ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ አገር ውስጥ ያሉት ረጅም ዘመን ይዞራሉ፤ ያገለገለው ዋጋ ይወጣል፣ የመለዋወጫው ወረፋም ይረዝማል፣ የሰርቪስ ታሪክ የሌላት መኪና ግን ታሪክ ካላት ጋር በአንድ ዋጋ መሸጧ ይቀጥላል። ገዢው ማድረግ የሚችለው አለ። ፒዩርቴክ ላይ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ቺንጋው ይታያል፤ አብጦ እንደሆነ የሚለይ የስፋት መለኪያም አለ፤ ሥራው ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ሻጩ ክዳኑን ለመክፈት ካንገራገረ፣ የወንፊቱና የቺንጋው ወጪ ከዋጋው ላይ ተቀንሶ ይደራደሩ፤ ዘይቱንም ከገዙበት ቀን ጀምሮ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀይሩ።