ምዕራፍ ሁለትና የምራቴ ራስ ምታት

ዋጫ ላይ ክረምቱ ረጅም ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የቴሌቪዥኑ ድምፅ አይሰማም፤ መብራቱም ብዙ ጊዜ ከዝናቡ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በእኛ ቤት ድራማ የሚታየው በሁለት መንገድ ነው። መብራት ካለ ሁላችንም ሳሎን ተቀምጠን፣ መብራት ከሌለ ደግሞ የልጄን ስልክ በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን፣ ቡና እየጠጣን። ባለፈው ክረምት የሆነውን የምነግራችሁ ከዚህኛው ከስልኩ ምሽት ነው።

በመጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ ዓመት ያህል በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነው። ቤቴ ውስጥ ወንድ ልጄ፣ ምራቴና የልጅ ልጄ አብረውኝ ይኖራሉ። ጡረተኛ ነርስ ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። እጅ ታጠቡ፣ ውኃው ፈልቷል ወይ፣ ልጁ ለምን ካልሲ አላደረገም እያልኩ ስዞር እውላለሁ። ይህን የምናገረው ለቀልድ አይደለም፤ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እኔ ሕፃን ነበርኩ። ሆኖም በሥራ ዘመኔ የቤተሰብ ድራማ ያስተማረኝ ቴሌቪዥን ሳይሆን ሬዲዮ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የሚባል ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ነበር፤ 257 ክፍል የነበረው። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤች.አይ.ቪ.፣ ስለ ባልና ሚስት ንግግር ነበር ጉዳዩ። እኔ በክትትል ክፍል ከግድግዳ ሥዕል እያሳየሁ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሳስረዳ ዓይናቸውን መሬት ላይ የሚተክሉ እናቶች፣ ስለ ድራማው ባለታሪክ ሲወራ ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው ይከራከሩ ነበር። ሰው ስለ ራሱ ማውራት ሲያፍር ስለ ድራማ ሰው እያወራ ስለ ራሱ ይናገራል። ይህን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ቀጥሎ «ቤቶች» መጣ። ጥላሁን ጉግሳና ጓደኞቹ የሠሩት ይህ አስቂኝ የቤተሰብ ድራማ በስንት ቤት ስንት እራት እንዳስረሳ አንባቢ ያውቃል። ተመልካች የሚያስታውሰው በክፍል ቁጥሩ ነው፤ «ክፍል ይህን ያህል አይታችኋል?» ይባባላል። ትርፌን ሆና የተጫወተችው ሰብለ ተፈራ በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በመኪና አደጋ ስታርፍ፣ እዚህ ዋጫ ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ ሴትዮ «የቤታችን ሰው ሞተ» ስትል ሰምቻለሁ። ሴትዮዋ ሰብለን በአካል አይታት አታውቅም። ግን በየሳምንቱ ቤቷ እየገባች ያሳቀቻት ሰው ናት። ታዲያ የቤት ሰው ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

አሁን አሁን ድራማዎቻችን «ምዕራፍ አንድ»፣ «ምዕራፍ ሁለት» እየተባሉ ይመጣሉ። እኔ ምዕራፍ ሁለትን እወዳለሁ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁሉም ሰው እንግዳ ነው፤ ማን ቁጡ፣ ማን ቆንቋና፣ ማን ውሸታም እንደሆነ ገና እያጠናን ነው። በሁለተኛው ግን ጠባያቸውን አውቀነዋል። አባትየው በሩን ሲከፍት ገና ምን እንደሚል ገምተን እንስቃለን። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ «ይህንን ሰው አውቀዋለሁ» ብለን ደህና አድርገን ማየት እንተዋለን።

ልጄ ይህን ወሬዬን ሰምቶ፣ «እማዬ፣ የምዕራፍ ሁለቶችን ሁሉ እናት ላሳይሽ» ብሎ አንድ የድሮ የአሜሪካ ድራማ ከፈተልኝ። «አይ ላቭ ሉሲ» ይባላል፤ «ሉሲን እወዳታለሁ» እንደማለት ነው። ሉሲ ሲባል የኛዋን ድንቅነሽን እንዳታስቡ። ይህችኛዋ ሉሲል ቦል የምትባል ተዋናይት ስትሆን፣ በድራማው ባሏ የሆነው ዴዚ አርናዝ በእውነተኛውም ዓለም ባሏ ነበር። ድራማው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በሦስት ካሜራ፣ ተመልካች አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ እየሳቀ ነበር የሚቀረጸው።

የሁለተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1952 ነው የተላለፈው። ባልና ሚስቱ «የአንተ ሥራ ቀላል፣ የአንቺ ሥራ ቀላል» ተባብለው ሥራ ይቀያየራሉ። ሴቶቹ ቸኮሌት ፋብሪካ ይቀጠራሉ፤ ማሽኑ ሲፈጥንባቸው ቸኮሌቱን አፋቸው ውስጥና ኮፍያቸው ውስጥ ይደብቁታል። ወንዶቹ ደግሞ ቤት ቀርተው ምግብ ሲያበስሉ ሩዙ ከድስቱ ገንፍሎ ማድ ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። ቋንቋውን ሳንሰማ በሳቅ ሞትን። ልጄ በማግስቱ «እኔ ሩዝ እቀቅላለሁ» ብሎ ማድ ቤት ገባ። ድስቱን እስካሁን እየፋቅኩት ነው።

እኔን ግን እንደ ባለሙያ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ምዕራፍ ሉሲል ቦል በእውነት አርግዛ ነበር። ሆዷን ከመደበቅ ይልቅ እርግዝናውን የታሪኩ አካል አደረጉት። ነገር ግን በዚያን ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን «እርጉዝ» የሚለው ቃል እንደ ነውር ስለሚቆጠር እንዳይነገር ተከለከለ፤ «እየጠበቀች ነው» እያሉ አለፉት። ጽሑፉንም አንድ የካቶሊክ ቄስ፣ አንድ የፕሮቴስታንት አገልጋይና አንድ የአይሁድ መምህር እንዲያዩት ተደረገ። የድራማዋ ሉሲ የወለደችበት ክፍል እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 1953 ተላለፈ፤ በእኛ አቆጣጠር የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 1945 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ራሷ ሉሲል ቦልም በዚያው ዕለት፣ አስቀድሞ በተያዘ ቀጠሮ፣ በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ወለደች። ያንን ክፍል 44 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳየው ይነገራል።

አስቡት፤ 44 ሚሊዮን ሰው የሚያየውን ሆድ በስሙ መጥራት ነውር ነበር። «ፈረንጅም እንዲህ ነበር እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ። እኛስ? ሴት ልጅ ካረገዘች «ነፍሰ ጡር ናት» እንላለን፤ እሱንም ዝቅ ባለ ድምፅ። ዓይን ይበላታል ብለን አራትና አምስት ወር እንደብቃለን። በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያ ክትትላቸውን በሰባተኛ ወራቸው የጀመሩ ስንት እናቶች አይቻለሁ! ስጠይቃቸው መልሳቸው «አፈርኩ» ነው።

እንግዲህ ወደ ዚያች ምሽት ልመለስ። ምራቴ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። በመጀመሪያው እርግዝናዋ ቤታችን ሌላ ሥራ አልነበረውም። በየሳምንቱ ግፊቷን እለካ ነበር፤ ልጄ እንኳ ባልዲ አያስነሳትም። በሁለተኛው ግን ሁላችንም «እናውቀዋለን» አልን። እሷም አንዴ ወልዳለች፤ እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። የመጨረሻ ክትትሏን «መንገዱ ጭቃ ነው» ብላ ስታልፈው፣ በሥራ ላይ ብሆን አንዲትን እናት የማልምራትን፣ ምራቴን ዝም አልኳት።

መብራት ጠፍቷል። ስልኩ ላይ የድሮ የ«ቤቶች» ክፍል ተከፍቷል። የቀልዱን ዝርዝር አልደግመውም፤ ነገሩ ከቀልዱ በኋላ የመጣው ነው። ሁላችንም ስንስቅ ምራቴ ከሁላችን በላይ ሳቀች፤ ወዲያው ግን በሁለት እጇ ግንባሯን ያዘች።

«ምነው?» አልኳት።

«ምንም አይደል፣ እማዬ። ስስቅ ይብስብኛል።»

«ምኑ ነው የሚብሰው?»

ዝም አለች። የስልኩ ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር። ዓይኖቿ ሥር አብጧል። የቀለበት ጣቷን አየሁት፤ ቀለበቱ የለም። «የት ሄደ?» ስላት፣ «አልገባ ብሎኝ አወለቅኩት» አለች። ራሷን ሦስት ቀን ሙሉ እንዳመማትና ከትናንት ጀምሮ ዓይኗ ብዥ እንደሚልባት ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ ይቆጡኛል ብዬ ነው። ክትትሉን ስላለፍኩ።»

የግፊት መለኪያዬን በባትሪ ብርሃን ፈልጌ ለካኋት፤ 160 በ110። እጄ ተንቀጠቀጠ። ይህን ቁጥር በሰው እናት ላይ ብዙ ጊዜ አንብቤው አውቃለሁ፤ በራሴ ቤት ግን የመጀመሪያዬ ነው። አምቡላንስ ተጠራ። ጤና ጣቢያው የማንቀጥቀጥ መከላከያውን መርፌ ሰጥቶ ወደ ቦንጋ ላካት። በጭጋጉ ውስጥ ስንጓዝ እጇን ይዤ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው እናቶች የአደጋ ምልክቶችን ሳስተምር ኖሬ፣ በቤቴ ያለችው ልጅ ራሷን ስታማት የፈራችው ሕመሙን ሳይሆን እኔን ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ምጡ በመድኃኒት እንዲጀምር ተደርጎ ሴት ልጅ ወለደች። ክብደቷ 2.3 ኪሎ ነበር። ቀናቱን በእናቷ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቃ አሳለፈች። ግፊቱም እየቆየ ወረደ። ዛሬ ልጅቱ እንደ ልቧ ትስቃለች፤ እሷ ስትስቅ ግን የሁላችን ዓይን ወደ እናቷ ነው የሚሄደው።

ይህ ሕመም በመጀመሪያ እርግዝና ይበዛል፤ በሁለተኛው አይመጣም ማለት ግን አይደለም። አንባቢ ሆይ፣ እርግዝናው ከአምስት ወር ካለፈ በኋላ እነዚህን አስታውሱ፦ የማይለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከጨጓራ በላይ የሚሰማ ሕመም። ከእነዚህ አንዱ ከታየ እስኪነጋ አይጠበቅም። ግፊት 140 በ90 ከደረሰ ለባለሙያ መታየት አለበት፤ 160 በ110 ከሆነ ደግሞ ድንገተኛ ነው። አንዳንዷ እናት ግን ምንም ሳይሰማት ግፊቷ ሊጨምር ይችላል። ክትትል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሌላውን ምክሬን ደግሞ እንደ ነርስ ሳይሆን እንደ አማት ልናገር። ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ የሚስቅበት ሰዓት ይኑረው። ድራማው የኛ ይሁን የፈረንጅ፣ አዲስ ይሁን ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ግድ የለም። እየሳቀ ያለ ሰው ጥንቃቄውን ያላላል፤ በቁም ነገር ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ያለውን፣ ሲስቅ ያመልጠዋል። ስለዚህ ሁሌ ስክሪኑን ብቻ አትዩ። ቀልዱ ሲያልፍ ዞር ብላችሁ የሚስቁትን እዩአቸው። ማን ነው ያልሳቀው? ማን ነው ስቆ ፊቱን ያጨማደደው?

እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለመተው እየሞከርኩ ነው፤ ከሕመሙ በፊት ጥፋቱን መጠየቅን። ድሮ «ለምን አልሄድሽም?» ነበር የሚቀድመኝ። አሁን «ምን ይሰማሻል?» ማለትን እየለመድኩ ነው፤ ሁልጊዜም አይሳካልኝም። ባለፈው ሳምንት ምራቴ ቡና እያፈላች፣ «እማዬ፣ ዛሬ ትንሽ ደክሞኛል» አለችኝ። በእኛ ቤት እንዲህ ብላ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የግፊት መለኪያውን ለማምጣት ከመቀመጫዬ ስነሳ አይታ በሳቅ ፈነዳች።

ለካኋት፤ ደህና ነው። ጀበናውን ተቀበልኳትና እሷ ተቀመጠች። ልጄም ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ የሚቀጥለውን ክፍል ከፈተ።