ከክት ልብስ አስቀድሞ የዘወትሩን፦ በደስታ የሚለበስ ልብስ እንዴት ይመረጣል?

እንጅባራ፦ አማርኛ ልብስን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ክት እና ዘወትር ብሎ። የክት ልብስ ለበዓል፣ ለሠርግና ለአምልኮ ስፍራ ተከቶ የሚቀመጥ ሲሆን፣ የዘወትሩ በእርሻ፣ በገበያና በቤት ውስጥ የሚዋልበት ነው። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ገንዘቡም ሐሳቡም ለክት ልብስ ይውላል፤ ለዘወትር የሚተርፈው ያረጀው፣ የጠበበው ወይም በርካሽ የተገኘው ነው። ይሁን እንጂ ሰው ከዓመቱ ቀናት አብዛኛውን የሚያሳልፈው በዘወትር ልብሱ ነው። ስለዚህ ለብሶት የሚደሰትበት ልብስ እንዲኖረው የሚሻ ሰው ምርጫውን ከዘወትሩ መጀመር ይኖርበታል።

የመጀመሪያው መመዘኛ የአየር ጠባይ ነው። አርሶ አደር ዘር ሲመርጥ አፈሩንና የዝናቡን ጊዜ እንደሚያይ ሁሉ፣ ልብስ ገዥም የሚኖርበትን ቀዬ ማየት አለበት። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናት። ዳንግላ ከእርሷ ዝቅ ብትልም ከፍታዋ ከ2 ሺህ ሜትር ይበልጣል። በዚያው በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ የሚገኘው ጃዊ ግን ሞቃት ቆላ ነው። ለጃዊ የሚመች ስስ ሸሚዝ ለእንጅባራ ማለዳ አይበቃም፤ የእንጅባራው ወፍራም ጃኬትም በጃዊ ሸክም ይሆናል።

ደጋው ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው፤ ጋቢ። ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ የሚሠራ የጥጥ ልብስ ነው። ሙቀቱ የሚገኘው ከክሩ ብቻ ሳይሆን በእጥፎቹ መካከል ከሚታገተው አየር ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ሲሆን ልብሱ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ አየርም ይይዛል። ነገር ግን ጥጥ ውኃ ሲነካው ይከብዳል፤ ለመድረቅም ጊዜ ይፈጃል፤ እርጥብ ሳለም ሙቀት አይሰጥም። ስለዚህ በክረምት ከጋቢው ላይ ዝናብ የሚከላከል ነገር መደረብ ያስፈልጋል። ከበግ ፀጉር የሚሠራው በርኖስ ርጥበት ቢነካውም ከጥጥ በተሻለ ሙቀቱን ይይዛል። በጎጃም ገጠር ወንዶች ዘንድ የተለመደው ቁምጣም ከዚሁ ኑሮ ጋር የተስማማ ነው፤ በጭቃ አይጎተትም፤ ወንዝ ሲሻገሩም አይርስም።

ሁለተኛው መመዘኛ ሥራ ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች በርካታ አርሶ አደሮች ዲከረንስ የተሰኘውን የግራር ዝርያ ተክለው ከሰል ያከስላሉ። በከሰል ሥራም ሆነ በምድጃ ዙሪያ የሚለበሰው ልብስ የጤና ጉዳይ ነው። ከፖሊስተርና ከናይለን የተሠራ ልብስ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ቃጠሎውንም ያከፋዋል። ጥጥም ቢሆን ይቃጠላል፤ ነገር ግን አይቀልጥም። ስለሆነም ለእሳት ሥራ ወፈር ያለ፣ ጫፉ የማይንዘረፈፍ የጥጥ ልብስ ተመራጭ ነው። ያረጀ የፖሊስተር ሹራብን «ለሥራ ይሆናል» ብሎ እሳት አጠገብ መልበስ አደገኛ ልማድ ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ ዋጋ ነው። የልብስ ዋጋ የሚታወቀው በሚገዛበት ቀን አይደለም። ለምሳሌ በ600 ብር የተገዛ ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ብቻ ተለብሶ ከተጣለ፣ ለአንድ ጊዜ መልበስ 200 ብር ተከፍሎበታል ማለት ነው። በ1 ሺህ 500 ብር የተገዛ ጃኬት ግን 150 ቀን ከተለበሰ ለአንድ ቀን 10 ብር ብቻ ይወጣበታል። በዚህ ስሌት ውድ የሚመስለው ርካሽ፣ ርካሽ የሚመስለውም ውድ ሆኖ ይገኛል። ለበዓል ተብሎ በብድር የሚገዛ ልብስ ሲሆን ደግሞ ዕዳው ከልብሱ ይልቅ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

በገበያ ቀን ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ልብሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ቢያየው የሳሳው ቦታ ይገለጥለታል። ብብቱን፣ ኮሌታውን፣ የጉልበቱን አካባቢ፣ ስፌቱንና ዚፑን መፈተሽ ያስፈልጋል። መጠኑ ትንሽ የሰፋ ልብስ በልብስ ሰፊ እጅ ልክ ይሆናል፤ የጠበበውን ማስፋት ግን በስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ ከሌለ አይቻልም። በልክ የተስተካከለ ልብስ ሲለበስ አይቆነጥጥም፤ ሲጎነበሱም አያሳስብም። ሰው ደጋግሞ የሚያነሣው ልብስ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የክት ልብስ ክብር አይዘነጋም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር ፈረሱ በኮርቻና በጌጡ፣ ፈረሰኛውም በክት ልብሱ ደምቆ ይታያል። የዓድዋ አርበኞችና የፈረሶቻቸው ውለታ በሚታሰብበት በዚህ ቀን አለባበሱ የመታሰቢያው አካል ነው። ለእንዲህ ያለው ቀን ግን ብዙ ልብስ አያስፈልግም። አንዲት በጥሩ ሁኔታ የተሠራች ነጠላ ለብዙ ጉዳይ ትሆናለች፤ ለአምልኮ መስቀለኛ ትጣፋለች፤ ለአገልግሎት ወገብ ላይ ይደገደግባታል፤ ለለቅሶ ደግሞ ጥለቷ ወደ ላይ ተገልብጦ ትለበሳለች። ልብሷ አንድ ሆና ሳለ አለባበሷ መልእክቱን ይለውጠዋል።

የክት ልብስ ሲገዛ የእጅ ሥራውን ከፋብሪካ አምሳያው መለየት ያሻል። ከውጭ የሚገቡ፣ ጥለታቸው በኅትመት የተሠራ አምሳያዎች በዋጋ ስለሚረክሱ የፈታይና የሸማኔን ገበያ ይሻማሉ። መለያው ቀላል ነው፤ ልብሱን መገልበጥ። በሽመና የገባ ጥለት የክሩ መተላለፍ በጀርባውም ይታያል፤ የታተመው ግን ከጀርባው ደብዝዞ ይገኛል። በእጅ የተፈተለ ማግ አንድ ወጥ ውፍረት የለውም፤ አልፎ አልፎ ወፈር፣ አልፎ አልፎ ቀጠን ማለቱ የእጅ ሥራ ምልክቱ ነው። ሽመና ለዘመናት ባለሙያው የተናቀበት ሙያ ነበር። ሸማው በበዓል ሲከበር ሸማኔው መናቁ ፍትሐዊ አልነበረም፤ ለሥራው ተገቢውን ዋጋ መክፈል አንዱ ማካካሻ ነው። በዓል ሳይደርስ አስቀድሞ ማዘዝም ለሸማኔው ፋታ፣ ለአዛዡ ደግሞ ጥራት ያስገኛል።

የተመረጠ ልብስ እንዲቆይ አያያዙ ይወስናል። ባለ ጥለት ልብስ በፈላ ውኃ ሳይዘፈዘፍ፣ ለብቻው በለዘብተኛ ሳሙና ቢታጠብ ቀለሙ አይለቅም። በደጋው ክረምት ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ ይሻግታል፤ የሱፍ ልብስንም ብል ይበላዋል። ስለዚህ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ሣጥኑን ከፍቶ ልብስን ማናፈስ ይጠቅማል። የተተረተረ ስፌትም ሳይሰፋ በዋለ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል።

ከመኸር ምርት ሽያጭ በኋላ ወደ ገበያ ከመውጣት በፊት አንድ ሥራ ይቅደም። በሣጥኑ ያለውን ልብስ ሁሉ አውጥቶ ባለፈው ዓመት የተለበሰውንና ያልተለበሰውን መለየት ነው። ያልተለበሰው የጠበበ፣ የማይሞቅ፣ ለሥራ የማይመች ወይም ሌላው ስለለበሰው ብቻ የተገዛ ሆኖ ይገኛል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንዲሉ፣ ለሌላው ያማረ ሁሉ ለእኛ ኑሮ አይስማማም። የሚሆነው ለወንድም ለእህት ይሰጥ፤ የሚጠገነው ወደ ልብስ ሰፊ ይሂድ። የጎደለው የሚታወቀው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምናልባትም የጎደለው አዲስ የበዓል ልብስ ሳይሆን ለነገ ማለዳ ብርድ የሚሆን አንድ ደህና ሹራብ ሊሆን ይችላል።