የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች፦ ከጄምስታውን እስከ ባርቤዶስ

እንግሊዝ ባሕር ማዶ ቅኝ ግዛት ፍለጋ የወጣችው ዘግይታ ነው። ስፔን የሜክሲኮንና የፔሩን ብር በመርከብ ስታግዝ የንግሥት ኤልሳቤጥ አገር ገና በሙከራ ላይ ነበረች። ዋልተር ራሌይ በዛሬዋ ሰሜን ካሮላይና ጠረፍ፣ በሮአኖክ ደሴት፣ በ1587 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሰፈራቸው ከመቶ የሚበልጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት የት እንደ ደረሱ ሳይታወቅ ቀርቷል። አስተዳዳሪያቸው ጆን ዋይት ስንቅ ሊያመጣ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ነበር። ከስፔን ጋር በተነሣው ጦርነት ሳቢያ መርከብ አጥቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመለስ የጠበቀው ሰው የሌለበት ሰፈርና እንጨት ላይ የተቀረጸ «ክሮአቶአን» የሚል የአንድ ደሴት ስም ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከአንድ ባላባት ኪስ ወደ አክሲዮን ማኅበር ተሻገረ። ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በ1606 ለቨርጂኒያ ኩባንያ የፈቃድ ደብዳቤ ሰጠ፤ ገንዘቡን ያዋጡት ግን ነጋዴዎችና ባለጸጎች ናቸው። ዘውዱ ያወጣው ከወረቀትና ከማኅተም ብዙም አይበልጥም። ቅኝ ግዛቶቹ ኋላ የየራሳቸውን መልክ የያዙት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ከለንደን የወጣ አንድ ወጥ ዕቅድ አልነበራቸውም።

በግንቦት 1607 ኩባንያው ልኳቸው ቨርጂኒያ ውስጥ ጄምስታውን የደረሱት መቶ ያህል ወንዶችና ልጆች ነበሩ፤ አንዲትም ሴት አልነበረችም። የሰፈሩት ረግረግ ዳር፣ ውሃው ጨዋማ በሆነበት ቦታ ነው። ወርቅ ሲፈልጉ እርሻውን ችላ አሉና ጉሮሯቸው በአካባቢው ነባር በነበሩት በፓውሃታን ሕዝቦች በቆሎ ላይ ተንጠለጠለ። ግንኙነቱ ሲበላሽና ምሽጉ ሲከበብ በ1609 እና በ1610 መካከል ያለው ክረምት የረኀብ ዘመን ሆነ። ፈረሱን፣ ውሻውን፣ አይጡን፣ የጫማውን ቆዳ ሳይቀር በሉ። ሰው ሰው በላ የሚለውን የዘመኑን ወሬ ብዙዎች እንደ ማጋነን ይቆጥሩት ነበር፤ በ2012 ግን የቁፋሮ ባለሙያዎች ዕድሜዋ 14 የሚገመት የአንዲት እንግሊዛዊት ልጅ የራስ ቅል አገኙ። ግንባሯና መንጋጋዋ ላይ የቢላዋ ምልክት ነበረበት። ወደ ክረምቱ ከገቡት 300 ያህል ሰዎች ለጸደይ የደረሱት 60 ገደማ ናቸው።

ቨርጂኒያን ከመዘጋት ያዳናት ትምባሆ ነው። ጆን ሮልፍ ከካሪቢያን አካባቢ በመጣ ዘር የጀመረው እርሻ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እስከ ጄምስታውን መንገዶች ድረስ ዘለቀ። ምፀቱ፣ ንጉሥ ጄምስ ራሱ በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ ጽሑፍ ያሳተመ ሰው መሆኑ ነው፤ ቀረጡን ግን አልጠላውም። ትምባሆ መሬት ያደክማል፣ ጉልበትም ይፈጃል። ስለዚህ የአንድ ሰው የመርከብ ወጪ ለከፈለ 50 ኤከር ይሰጥ ጀመር፤ ተጓዡ በፈንታው ለዓመታት በነጻ ያገለግላል። አብዛኛው የመጣው ያላገባ ወጣት ወንድ ነው፤ ብዙው ነጻ ሳይወጣ በወባና በተቅማጥ አለቀ። እርሻው ወንዝ ለወንዝ ተበታተነ፣ ከተማ አልበቀለም። በ1619፣ በአንድ የበጋ ወቅት፣ የመጀመሪያው የተመራጮች ጉባኤ ተቀመጠ፤ ከፖርቱጋል መርከብ የተነጠቁ ሃያ ከምናምን አንጎላውያንም ተሸጡ። በ1622 የፓውሃታን ተዋጊዎች 347 ሰፋሪዎችን ገደሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኩባንያው ፈቃዱን ተነጠቀና ቨርጂኒያ በቀጥታ ለንጉሡ ገባች።

የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል ታሪኩን ከፕሊመዝ ያስጀምረዋል፤ ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ 102 ተጓዦቿን ይዛ የደረሰችው ግን ከጄምስታውን 13 ዓመት ዘግይታ ነው። ኒው ኢንግላንድ የሚባለው የሰሜኑ ጠረፍ ዋናው ክብደትም ፕሊመዝ ሳትሆን በ1630 የተመሠረተችው ማሳቹሴትስ ናት። እዚህ የመጡት፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ይታደስ ባዮቹ ፒዩሪታኖች፣ ሚስትና ልጅ፣ መሣሪያና ሙያ ይዘው ነው። ብልሃታቸው ደግሞ የኩባንያውን የፈቃድ ደብዳቤ ጭምር ይዘው መሻገራቸው ነበር፤ የባለአክሲዮኖች ስብሰባ መንግሥት ሆነ። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ መንደር መሠረቱ፤ በ1647 ደግሞ 50 አባወራ ያለው መንደር ሁሉ አስተማሪ እንዲቀጥር ደነገጉ። ብርዱ ወባን ስለገታ ሰዉ ዕድሜ አገኘ፤ በ1630ዎቹ የመጡት 20,000 ያህል ሰዎች ተዋለዱና አገሩን ሞሉት። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በክፍለ ዘመኑ ከመቶ ሺህ በላይ መጤ ተቀብለው እንኳ የሕዝባቸው ቁጥር በዝግታ ነበር የሚያድገው።

ማሳቹሴትስ የሃይማኖት ነጻነት አገር ነበረች የሚባለውን ግን አልቀበልም። ፒዩሪታኖቹ የፈለጉት የራሳቸውን ነጻነት ነው። ከእነሱ በሐሳብ የተለየው ሰባኪ ሮጀር ዊሊያምስ ተባረረና ሮድ አይላንድን መሠረተ፤ አን ሃቺንሰን ተከተለችው፤ ከ1659 እስከ 1661 አራት የኩዌከር እምነት ተከታዮች ቦስተን ላይ ተሰቀሉ። በ1634 ለካቶሊኮች መጠጊያ ተብላ የተጀመረችው ሜሪላንድ በ1649 በሥላሴ ለሚያምኑ ክርስቲያኖች ሁሉ የመቻቻል ሕግ ብታወጣም አፈሩ የሚወደው ትምባሆን ነበርና በኑሮዋ የቨርጂኒያ መንትያ ሆና ቀረች።

ከሁሉም ሀብታሟ ስለ አሜሪካ በሚጻፉ መጻሕፍት ብዙም የማትነሣው የካሪቢያኗ ደሴት ባርቤዶስ ነበረች። ስፋቷ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በ1627 የሰፈሩባት እንግሊዞች ትምባሆና ጥጥ ሞከሩ፤ በ1640ዎቹ የሸንኮራ አገዳ እርሻና የስኳር አሠራር ከብራዚል መጣላቸው። አገዳ ከተቆረጠ ቶሎ ካልተጨመቀ ይበላሻል፤ በመኸር ወቅት ወፍጮው ቀን ከሌት ይሽከረከራል። አገዳ የሚያጎርሰው ባሪያ እንቅልፍ ሲጥለው እጁ በመዳመጫው ከተያዘ ክንዱን የሚቆርጡበት መጥረቢያ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ደኑ በአንድ ትውልድ ተመንጥሮ አለቀ፤ ከአፍሪካ የመጡት ከነጮቹ በለጡ፤ በ1661 ባሪያን የሚገዛ ዝርዝር ሕግ ወጣ።

መሬቱ ሁሉ አገዳ ስለነበር ምግቡ ከውጭ ይመጣ ነበር። የደረቀ ዓሣ፣ ጣውላ፣ ፈረስ የሚልክላት ኒው ኢንግላንድ ነበር። ባሪያ አይብዛበት እንጂ የፒዩሪታኑ መንደርም የሚኖረው በዚያው ስኳር ነበር።

በ1664 ከሆላንዶች የተነጠቀችው ኒው ዮርክና የጊዜው ንጉሥ ለዊሊያም ፔን አባት ባለበት ዕዳ ፈንታ በ1681 ለፔን የሰጠው ፔንሲልቬንያ ስንዴና የብዙ አገር ሰው ቀላቅለው ሦስተኛ መንገድ ያዙ። ወደ ደቡብ የተሻገረችው ግን ባርቤዶስ ናት፤ መሬት የጠበባቸው ልጆቿ በ1670 በተመሠረተችው ካሮላይና ሰፈሩ፣ ባሪያዎቻቸውንና ሕጋቸውንም ይዘው መጡ፤ ሩዝ ሀብታቸው ሆነ። በ1733 አጠገቧ የተተከለችው ጆርጂያ ለእንግሊዝ ድሆች የታሰበች ነበረችና መሥራቾቿ ባርነትን ከለከሉ። ሰፋሪዎቹ የካሮላይና ጎረቤቶቻቸውን ሀብት እያዩ አቤቱታ አበዙ፤ ክልከላው በ1751 ተነሣ።