ለአራስ ሕፃን ስለምትስማማ ማባበያ ጡጦ

ቀድሞ አሰበ ተፈሪ በምትባለው በጭሮ፣ እንዲሁም በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ፣ የሕፃናት ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ ጎራ ያለ ሰው፣ ወተት የማይገባባትን፣ ሕፃኑ እየጠባ ጸጥ እንዲል ብቻ የተሠራችውን ትንሽ ማባበያ ጡጦ ያገኛል። ብዙ ወላጆች ቀለሟን አይተው ይገዟታል፤ ነገር ግን ቀንና ሌሊት በአራስ አፍ ውስጥ የምትውል ዕቃ በቀለም ልትመረጥ ከቶ አይገባትም።

የመጥባት ፍላጎት ሕፃኑ ገና በማሕፀነ እሙ ሳለ ጣቱን እየጠባ የሚለማመደው ጠባይዓዊ ጸጋ ስለሆነ፣ እርሱን ለማባበል የሰው ልጅ ዕቃ ማበጀት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1506 ዓ.ም. እመቤታችንን ከልጇ ጋር ሲሥል፣ በሕፃኑ እጅ ላይ በዘመኑ እናቶች ለልጆቻቸው የሚያጠቡትን የጨርቅ ቋጠሮ አኑሯል። ጨርቁ ቀርቶ ጎማና ሲሊኮን ቢተካም፣ ወላጅ ሊያስብበት የሚገባው ነገር አልተለወጠም።

ከቅርጽና ከመጠን ምርጫ በፊት የሚመጣው የጊዜ ምርጫ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1989 እ.ኤ.አ. ለወሊድ ቤቶች ባወጡት ዐሥር አንቀጽ ያለው መመሪያ፣ ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት ሰው ሠራሽ ጡትም ማባበያም እንዳይሰጥ በዘጠነኛው አንቀጽ ከልክለው ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲያሻሽሉት ግን ክልከላውን ትተው እናቶች ጉዳቱንና አጠቃቀሙን እንዲመከሩ አዘዙ። የጥንቃቄው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የእናት ወተት የሚበረክተው ሕፃኑ በጠባው መጠን ሲሆን፣ አራስ ልጅም በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ስለሚገባው፣ እጁን ወደ አፉ ሲወስድና ራሱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር ርቦት ሳለ ማባበያ የተሰጠው እንደ ሆነ፣ እርሱ ሲሳዩን ያጣል፣ የእናቲቱም ወተት ይቀንሳል። ስለዚህ የሕፃናት ሐኪሞች ጡት መጥባቱ እስኪጸና ድረስ፣ ይኸውም እስከ አራተኛው ሳምንት ገደማ፣ መታገሥን ይመክራሉ። ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪያስነሣ፣ ሙስሊሙም የአራስነቱ አርባ ቀን እስኪፈጸም እናቲቱ በቤት ተከብራ መሰንበቷ፣ ይህን ምክር ለመፈጸም የተመቸ ሥርዓት ነው፤ ከእንገሩ ጀምሮ በእነዚያ ቀናት ለሕፃኑ ከጡት በቀር ሌላ ምንም ባይቀርብለት ይበጀዋል።

የሚያሳስበኝ ግን ከአርባው ቀን በኋላ ያለው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትተዳደር ሴት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች፤ እነዚህ ከተሞች ባሉበት በጨርጨር ገበያ ጫትና አትክልት የምትሸጠው እናት ግን ፈቃድ የሚሰጣት የላትምና፣ ሕፃኑን ለታላቅ እኅቱ ትታ ስትወጣ ማባበያዋ የእርሷን ቦታ እንድትይዝ ትታሰባለች። ይህ እናቲቱ የምትወቀስበት አይደለም፤ ቢሆንም ሕፃኑን አዝላው ብትወጣና በገበያው ጥግ ብታጠባው፣ ካልሆነም ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ ብትተውለት፣ ማባበያዋ የምግብ ምትክ ከመሆን ትድናለች።

መግዛት የግድ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በቤት ውስጥ ያለውን ውሃ ማሰብ ይገባል። ማባበያዋ መጀመሪያ ከመሰጠቷ በፊት ለአምስት ደቂቃ መፍላት፣ ከዚያም በኋላ መሬት በነካች ቁጥር መታጠብ አለባት፤ በበጋ ውሃ በጀሪካን እየተገዛ በሚጠጣበት ቤት ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ተቅማጥን ከምታስገባ ብትቀር ይሻላልና አትገዛ ብዬ እመክራለሁ። እናት በምራቋ አጥባ መመለሷም የአፏን ተሕዋስያን ለልጇ ማቀበል እንጂ ማጽዳት አይደለም።

ከአንድ ወጥ ነገር የተሠራችው ከተጣበቀችው ትበልጣለች፤ የተጣበቀው ሲላቀቅ ሕፃኑን ያንቃልና። ከከንፈሩ ውጭ የሚያርፈው ዝርግ ወርዱ ከ3.8 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ወደ ጉሮሮ ብትገባ እንኳ ትንፋሽ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎችም እንዲኖሩት ያስፈልጋል። የተፈጥሮ ጎማ ለስላሳ ቢሆንም ቶሎ ያረጃል፣ ቆዳው የማይስማማው ሕፃንም አለ፤ ሲሊኮን ግን መፍላትን ይችላል፣ ሽታም አይይዝም፤ ስለዚህ ለእኛ አገር የተሻለው እርሱ ይመስለኛል። መጠኗ ለአራስ ወይም ከ0 እስከ 6 ወር ተብሎ የተጻፈባት ትሁን። በክር አስሮ በአንገት ማንጠልጠል ሕፃኑን አንቆ ሊገድል ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግ፤ በስኳር ወይም በማር መንከርም እንዲሁ፣ በተለይ ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

በጎነቷንም መሸሸግ ፍትሕ አይደለም። ያለ ጊዜው ተወልዶ በቱቦ የሚመገብ ሕፃን መጥባትን እንዲለምድ ትረዳዋለች፤ በ6ኛው ሳምንት ክትባት ሲወጋ እናቱ ልታጠባው ባትችል ሕመሙን ታቀልለታለች፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በእንቅልፍ ጊዜ መሰጠቷ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሕፃናትን በእንቅልፋቸው የሚነጥቀውን ድንገተኛ ሞት እንደሚቀንስ አስታውቋል። ሕፃኑ በጀርባው ይተኛ፤ አንቀላፍቶ ከአፉ ከወደቀች ግን ተመልሳ አትሰጠው።

ከስድስት ወር በኋላ የጆሮ ሕመም ስለምታበዛ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ስትቆይም የጥርስን አቀማመጥ ስለምታዛባ፣ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ ቀስ በቀስ ማስተው ይቀላል። እስከዚያው ድረስ በየቀኑ ጫፏን ሳብ አድርጎ መፈተሽ፣ ተሰንጥቃ ወይም የምታጣብቅ ሆና ከተገኘችም በዚያው ቀን መጣል ያስፈልጋል።