ሸክላን የሚሰነጥቀው ውሃ እንጂ ዓይን አይደለም

ጎንደር ውስጥ ልጆች በቤታቸው ከጭቃ አንበሳ ወይም ፈረስ ሠርተው ሲሰነጠቅባቸው ሁለት ምክንያት ይነገራቸዋል። አንዱ «የሰው ዓይን በልቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «ውስጡ አየር ቀርቶ ነው» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። የመጀመሪያው እንዲያውም ሰው የጎዳ ወሬ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ወለቃ ሸክላ ይሠሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል ሴቶች ኑሯቸውን የሚገፉበት ሙያ ራሱ ቡዳ እያስባላቸው ከሰው ሲያገላቸው ኖሯል። አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ሄደዋል። እነሱ በእጃቸው ጠንቅቀው ያውቁት የነበረው ውሃ ከጭቃ እንዴት እንደሚወጣ ነው፤ ለተማሪም መጀመሪያ መነገር ያለበት ይኸው ነው።

ሸክላ አፈር ከ2 ሺኛ ሚሊሜትር ባነሱ ጠፍጣፋ ቅንጣቶች የተሞላ ነው። ሲቦካ ውሃው በየቅንጣቱ መካከል ይገባና እንዲንሸራተቱ ያደርጋቸዋል፤ ጭቃው የሰጡትን ቅርጽ የሚይዘው ለዚህ ነው። ውሃው መትነን ሲጀምር ግን የቀረው ስስ ውሃ፣ ሁለት እርጥብ መስታወቶች እንደሚጣበቁ ሁሉ፣ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ይስባቸዋል። ጭቃው ይኮማተራል። ጥሩ የሸክላ አፈር ከርዝመቱ ከ100 እጅ ከ5 እስከ 10 እጅ ያህል ያጥራል። የደምቢያ ሜዳ ዋልካ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ አፈር ብቻውን ለቅርጽ አይሆንም።

መኮማተሩ ብቻውን አይሰነጥቅም። የሚሰነጥቀው እኩል አለመኮማተር ነው። የአንበሳው ጆሮና ጅራት ስስ ስለሆኑ ቀድመው ይደርቃሉ፣ ያጥራሉም፤ ሆዱ ግን ገና እርጥብ ነው፣ አላጠረም። ጉተታው የሚበረታው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ ጅራቱ ከሥሩ ይለያል። ውፍረት እጥፍ ሲሆን የማድረቂያው ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ስለዚህ ወፍራሙን ሆድ ከታች በማንኪያ ጎድጉዶ ማውጣት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ስሱን ክፍል በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን፣ ሥራውን በፌስታል ሸፍኖ ከፀሐይና ከነፋስ ማራቅም ያስፈልጋል። በተለይ በዳባትና በደባርቅ ደጋ የበጋው ነፋስ ላዩን በሰዓታት ውስጥ ያደርቀዋል፣ ውስጡን አይነካውም።

የተሰበረ ጀበና ወይም ምጣድ ወቅጦ፣ ነፍቶ ከጭቃው ጋር ማቡካትም ይረዳል። ገሉ አንዴ በእሳት ስላለፈ ዳግም አይኮማተርም፤ ለውሃውም መውጫ መንገድ ይከፍትለታል። የጤፍ ጭድ ሲጨመር ደግሞ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ግራና ቀኙን ይይዛል።

አሁን ወደ አየሩ። ደረቅ ሸክላ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። አየር ከ20 ዲግሪ ወደ 600 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ 3 እጥፍ ያህል ቢሆን ነው፤ በቀዳዳዎቹ ቀስ ብሎ ይወጣል። ውሃ ግን እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ጎንደር ከፍታዋ ከ2,100 ሜትር በላይ በመሆኑ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ያልደረቀ ቅርጽ እሳት እንደነካው የሚፈነዳው በዚህ እንፋሎት ነው። አንድ ነገር ግን አልክድም፦ የታመቀ አየር ያለበት ቦታ እርጥበት ሊያቁር፣ ግድግዳውንም ሊያሳሳ ይችላል፤ ሸክላ ሠሪዎች ጭቃውን አጥብቀው የሚያሹት በከንቱ አይደለም። በሜዳ እሳት የሚደረስበት ሙቀትም አከራካሪ ነው። ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይባላል፤ ነገር ግን ነፋሱ በሚመታው ጎንና በኩበቱ ሥር ያለው ሙቀት አንድ ስላልሆነ አንድ ቁጥር ይዞ መሟገት አያዋጣም።

የቤት ሥራ ለሚሠራ ተማሪ እሳቱ አያስፈልግም። ያልተተኮሰ ቅርጽ ካልወደዱት ውሃ ውስጥ ሲነከር ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ እንደገና ይሠሩበታል። ከአንበሳው በፊት ግን ከዚያው ጭቃ አንድ ቁራጭ ጠፍጥፈው 10 ሳንቲሜትር መስመር ይጫሩበት። ቁራጩ ነጣ ብሎ ጉንጭ ሲነካ መቀዝቀዙን ሲተው መስመሩን ይለኩ። ከ9 ሳንቲሜትር ካነሰ፣ ገል ወቅጠው ይጨምሩና እንደገና ያቡኩት።