አንድ ፓስወርድ፣ ሦስት አንባቢ፣ ዘጠኝ መሣሪያ

አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነብ ሰው ደንቡን ጠንቅቆ ያውቃል። ወረቀቱ አንድ ነው፤ የያዘው ሳይጨርስ ሌላው አይነካውም። ወደ ቦሌ ወርዶ ጋዜጣው አካውንት ሲሆን ግን ያ ግልጽነት ይጠፋል።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ አንድ የቡና ላኪ ቢሮ ይታሰብ። የኒውዮርክን የቡና ዋጋ ለመከታተል ለአንድ የውጭ ጋዜጣ ደንበኛ ሆነዋል። በተራ የብር ካርድ እንዲህ ያለ ክፍያ ስለማይፈጸም፣ የከፈለላቸው ዋሽንግተን የሚኖር የአንዷ ሠራተኛ ወንድም ነው። የሚያነቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ሆነው ሳለ «ከተፈቀደው መሣሪያ በላይ» የሚል መልእክት ይመጣል። እርስ በርስ መጠራጠር የሚጀመረውም ያኔ ነው፤ ፓስወርዱን ለውጭ ሰው የሰጠው ማነው?

ብዙ ጊዜ ማንም አልሰጠም። የጋዜጣው ሰርቨር ሰው አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው እያንዳንዱ መግቢያ ብሮውዘር ውስጥ የሚተወውን ምልክት ነው። በአንድ ስልክ ላይ ክሮም አንድ ነው፣ የጋዜጣው አፕ ሁለት፣ ከቴሌግራም ሊንክ ሲነካ የሚከፈተው የቴሌግራም የውስጥ ብሮውዘር ደግሞ ሦስት። ሦስት አንባቢ ዘጠኝ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ታሪክ የማይመዘግበው የብሮውዘር ገጽ ይብሳል፤ ተዘግቶ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ሆኖ ይመዘገባል።

ገደቡም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ የተመዘገቡ መሣሪያዎችን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን። የዲኤስቲቪ ደንበኞች ሁለተኛውን ያውቁታል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በኢንተርኔት የሚታየውን ሥርጭት በአንድ ጊዜ በአንድ መሣሪያ ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓስወርድ መጋራትን ፍቅር ብሎ በትዊተር የጻፈው ኔትፍሊክስም እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ አካውንት ለአንድ ቤት ብቻ እንዲሆን አጥብቋል።

ለቡና ላኪዎቹ የመጀመሪያው መፍትሔ ቀላል ነው፦ አካውንቱ ላይ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን መርጦ፣ ፓስወርዱን ቀይሮ፣ በአንድ ብሮውዘር ብቻ ተመልሶ መግባት። ከቴሌግራም የመጣ ሊንክ ኮፒ ተደርጎ እዚያው ብሮውዘር ላይ ይከፈት። ቪፒኤንም ይጥፋ፤ አሁን አዲስ አበባ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፍራንክፈርት የሚታይ አካውንት የተሰረቀ ስለሚመስል ማረጋገጫ ኮድ ይጠየቃል። ኮዱ የሚሄደው ወደ ወንድምየው ኢሜይል ከሆነ ችግር ነው። እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ዋሽንግተን በበጋቸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ የአካውንቱ ኢሜይል ቦሌ የሚከፈት መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ግን የአንድ ሰው ደንበኝነትን ለሦስት ሰው አያደርገውም። ውሉ ለአንድ ሰው ከሆነ ሦስቱ ሲያነቡ ሁለቱ ሳይከፍሉ ነው የሚያነቡት፤ የዘጋቢው ደመወዝ ደግሞ ከዚያው ክፍያ ነው የሚወጣው። ፋይናንሻል ታይምስና ዘ ኢኮኖሚስት ለድርጅቶች የቡድን ደንበኝነት ይሸጣሉ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ስለሚኖረው አንዱ ሌላውን አያስወጣም። በየቀኑ ለሚያነብ ቢሮ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው።

አልፎ አልፎ አንድ ጽሑፍ ብቻ ለባልደረባ ማሳየት ለሚፈልግ ግን ፓስወርድ መስጠት አያስፈልግም። የኒውዮርክ ታይምስ ደንበኛ በወር እስከ 10 ጽሑፍ በስጦታ ሊንክ መላክ ይችላል፤ ተቀባዩ ሳይከፍልና ወደ ላኪው አካውንት ሳይገባ ያነባል።